ተቃዋሚ ያጣችው አንቀጽ

ኦቶካር ቫይዲንገር ቪየና ተወልዶ፣ ቪየና ሕግ ተምሮ፣ ቪየና የሸበተ ሰው ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «የጨረቃ ጠበቃ ነኝ» ይላል፤ ሰው ይስቃል፣ እሱ አይስቅም። ከዳኑብ ማዶ በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ስለ ሕዋ በሚመክረው ኮሚቴ የአገሩን ልዑካን በሕግ ሲያማክር ኖሯል። በወጣትነቱ የያዘው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ ዳኛም ፖሊስም በሌለበት ሰማይ ሕግ ማንን ይይዛል?

አሮጌው የሕዋ ውል ጨረቃ የማንም ርስት አይደለችም ይላል፤ የአቶሚክ ቦምብ ምድርን እየዞረ እንዳይቀመጥም ይከለክላል። ጨረቃ ላይ መንደር ሠርቶ «ወዲህ እንዳትጠጉ» ስለሚል፣ ተራ መሣሪያ የታጠቀ ሳተላይት ከበላዩ ስለሚያዞር መንግሥት ግን በግልጽ ምንም አይልም። ኦቶካር ይህን ቀዳዳ የምትደፍን አንዲት አንቀጽ ጻፈ፤ «በሰማይ አካል ላይ መኖሪያ ያቆመ መንግሥት ዙሪያውን አያጥርም፤ በታጠቀ ሳተላይትም አያስጠብቅም።» ዕድሜው በእሷ ላይ አለቀ።

በዚያ ኮሚቴ ድምፅ አይቆጠርም። ሰብሳቢዋ «ተቃውሞ አለ?» ትላለች፤ ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል። አንድ አገር ብቻ የስሙን ሰሌዳ ቀጥ አድርጎ ካቆመ ጽሑፉ በቅንፍ ይታሰርና ለከርሞ ይተላለፋል። የኦቶካርን አንቀጽ በየዓመቱ የሚያሳስራት የአንድ ኃያል መንግሥት መልእክተኛ ነበር። በኮሪደሩ ስሙ «አቶ እምቢ» ነው። ሰሌዳውን ያቆምና «መሣሪያ የጄኔቫው የትጥቅ ጉባኤ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አይነሳም» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱ አብረው ወርደው ምሳ ይበላሉ።

ዘንድሮ የኦቶካር የመጨረሻ ጉባኤ ነው፤ ሲያበቃ ጡረታ ይወጣል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢዋ አንቀጿን አነበበችና «ተቃውሞ አለ?» አለች። አዳራሹ በሙሉ ወደ አቶ እምቢ ዞረ። አቶ እምቢ መነጽሩን ይወለውላል። ሰብሳቢዋ መዶሻዋን አንስታ ቆየች፤ አስተርጓሚዎቹ ሳይቀሩ በመስታወት ክፍላቸው ብድግ አሉ።

«ተቃውሞ አላይም። ጸድቋል።» መዶሻው ወረደ።

ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ደንግጦ ነበር። የልዑካኑ መሪ ዶክተር ቱርንሄር የኦቶካርን ክንድ ጨምቃ «ሄር ዶክተር፣ አለፈልን እኮ!» ስትለው ተነስቶ አቶ እምቢን ፍለጋ ወጣ።

ታች ካፌው ውስጥ ሽትሩደል የሚሉትን የፖም ኬክ ሲቆርስ አገኘው።

«ምን ነካህ? አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ተቀመጥ እንጂ! የሞተ ሰው ያየህ ትመስላለህ።»

«ዝም በል ብለው አዘዙህ?»

አቶ እምቢ ሹካውን አስቀመጠ። «ምንም አላዘዙኝም፣ ኦቶ። ድሮ አንቀጽህን ስልክላቸው በዚያው ቀን ተሰርዛ፣ ተደልዛ ትመለሳለች፤ ጠበቆቹ፣ ጄኔራሎቹ ይንጫጩባታል። ዘንድሮ 'እንደመሰለህ አድርግ' አሉኝ። ያነበባት ሰው ያለ አይመስለኝም።»

«የጨረቃ መንደራችሁንስ ተዋችሁት?»

«መንደሩንማ ይሠሩታል። ጥበቃውንም ያዞሩታል። አንተ የምትጽፈውን ጻፍ፣ እነሱ የሚሠሩትን ይሠራሉ። አትቀየመኝ፤ እኔም እንዳንተ ደንግጫለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የተቃወምኩት ለካ አንተን ማክበሬ ነበር።»

ኦቶካር ቡናውን ሳይቀምስ ወጣ። ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር ውሃውን እያየ ነገሩን ደጋግሞ ቢያገላብጠውም አልዋጥልህ አለው። ሕግ ተጥሶ ያውቃል፤ ተጠምዝዞም ያውቃል። የሚጥስ ሰው ቢያንስ ሕግ መኖሩን ይመሰክራል። ችላ የሚለው ግን ምን ይባላል?

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ጌርሊንደ የወይን ጠጅ ከፍታ ጠበቀችው። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት።

«እንኳን ደስ ያለህ! ምነው፣ የደስታ ፊትህ ይሄ ከሆነ የሐዘኑን አያሳየኝ።»

የሆነውን ነገራት። ብርጭቆውን ሞላችለት።

«ክፍል ውስጥ ልጆቹ ጸጥ ሲሉልኝ ገባቸው እል ነበር» አለችው። «ለካ አንዱም አይሰማኝም። ነገ ፈተና አለ ስል ነው ጫጫታው የሚነሳው።»

ኦቶካር አፍጥጦ አያት።

ሪፖርቱ ሳይጸድቅ የሐሙሱ ውሳኔ አይጸናም፤ ዓርብ ጠዋት የጉባኤው ሪፖርት አንቀጽ በአንቀጽ ሲነበብ፣ የእሱ አንቀጽ ተራ ደረሰና የኦስትሪያ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያቆመው ኦቶካር ነው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ዶክተር ቱርንሄር በሹክሹክታ። «ሄር ዶክተር፣ የራስዎ አንቀጽ እኮ ናት!»

«የሚቆጣሽ ካለ በእኔ አሳብቢ» አላትና ማይክሮፎኑን ከፈተ። «አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምር። 'ማንኛውም መንግሥት ልፈትሽ ባለ ጊዜ የመንደሩ በር ይከፈታል፤ በር የዘጋ መንግሥት ሳተላይቱን ከየትኛውም አባል አገር አያመጥቅም።'»

አቶ እምቢ ቀና አለ። ስልኩን ይዞ እየሮጠ ወጣ፤ ያ ከባድ ሰውዬ ሲሮጥ አይቶት የሚያውቅ አልነበረም። ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ ሰሌዳውን ከጠረጴዛው ጋር አላትሞ አቆመው።

«መንግሥቴ አጥብቆ ይቃወማል! የተጨመረውን ብቻ አይደለም፣ አንቀጿን በሙሉ! መሣሪያ የጄኔቫ ጉዳይ ነው!»

አንቀጿ ወደ ቅንፏ ተመለሰች፤ ለከርሞ፣ ኦቶካር ለማይኖርበት ጉባኤ።

«የዕድሜ ልክ ሥራዎን በገዛ እጅዎ ገደሉት» አለች ዶክተር ቱርንሄር፤ እንባዋ መጥቷል።

ኦቶካር በራሱ ድፍረት ራሱም ደንግጧል። ሰሌዳውን ቀስ ብሎ አጋደመና ማዶ ላቡን የሚጠርገውን አቶ እምቢን ተመለከተ።

«አነበቧት» አለ።