የራዶሚር ሞተር እስከ የት ሰፋ

ጎረቤታችን ራዶሚር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰርቢያ ውስጥ ከእሱ በቀር መሪ መጨበጥ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለውም። ታዲያ ከቻቻክ ከተማ ወደ መንደራችን በሚያወጣው ዳገት ላይ ንብ አርቢው ስቶያዲን በአዲስ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈዋል? ራዶሚርን ሰሞኑን ራኪያ የሚሉት አረቄ እንኳ አስጠላው። ይህ በእሱ ዘንድ ከባድ በሽታ ነው።

መድኃኒቱን ግን ራሱ አገኘ። የአባቱን አሮጌ መኪና ሞተር አስወርዶ ወደ ቬሊንካ ቶርኖ ቤት ወሰደው። ቬሊንካ ቤቱን ከባሏ የወረሰች፣ ምላሷ ከቶርኖዋ የባሰ የሚቆርጥ ሴት ናት።

«ሲሊንደሮቹን ሁለት ሚሊ አስፊልኝ፤ ትልልቅ ፒስተን ልከትበት ነው» አላት።

«ይኼ የሞተር ብሎክ እኮ ከዚህ በፊትም ሰፍቷል። መጀመሪያ የሲሊንደሩን ግድግዳ ውፍረት በመሣሪያ ልለካው። ከጀርባው ማቀዝቀዣው ውሃ ነው ያለው፤ ውሃው ደግሞ ስንት ዘመን ሲበላው ኖሯል።»

«የአባቴን ብረት ትጠረጥሪያለሽ?»

«አባትህን ምን አልኩ፤ ብረቱን ነው።»

ራዶሚር ተቀየመ። ተመራማሪም ነውና ከቁራሌው ግቢ ተመሳሳይ ብሎክ ፈልጎ፣ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ አመጣላት። ግድግዳው እውነትም እንደ ምሽግ ወፍራም ነበር።

«አየሽ?»

«አየሁ። የወንድምህ ጥርስ ደህና ስለሆነ ያንተ አይታይም ማለት ነው? ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ ቅርጹ ትንሽ ከተንሸራተተ አንዱ ወገን ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል። አንዱ ብሎክ ለሌላው አይመሰክርም።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ አስፊው።»

«ኋላ እዚህ መጥተህ እንዳታለቅስ» ብላ አሰፋችለት።

በገበያ ቀን ራዶሚር ዳገቱ ላይ ስቶያዲንን አለፈው። በመስኮት እጁን አውጥቶ እንደ ጳጳስ ባረከው። ክብሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ቆየለት። እዚያ ሲደርስ ከኋላው ነጭ እንፋሎት ተግተለተለ፤ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ።

ስቶያዲን ደርሶ በገመድ ጎተተው። ደግ ሰው ነው፤ መንደርተኛው ሳያይ እንዳይቀር ብሎ በእግረኛ ፍጥነት ነው የነዳው። «ጎረቤት፣ አልፈጠንኩብህም?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቀዋል።

ቬሊንካ ሞተሩን ስትከፍተው አንዱ ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። የራዶሚርን ጣት ይዛ ስንጥቁ ላይ አሳረፈችው። በዚያ ወገን ብረቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነበር።

«አባቴ በዚህ ነው እስከ ባሕር ድረስ የወሰደን?»

«አባትህ አይቸኩልም ነበር።»

ሳትስቅበት መቅረቷ መንደራችን ውስጥ ከአደጋው የበለጠ ወሬ ሆነ። በየሲሊንደሩ ወፍራም የብረት ቱቦ አስገብታ፣ ስፋቱን ከፋብሪካ ወደወጣበት ልክ መለሰችው። ራዶሚር ጥፋቱን አላመነም፤ «ብረቱ ከዳኝ» ነው የሚለው። የቬሊንካ ቤተሰብ ጠባቂ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ሲደርስ ግን ራሱ በጭስ ያደረቀውን ሥጋ ተሸክሞ ከእንግዳው ሁሉ ቀድሞ በሯ ላይ ቆሞ ነበር።