አንድ ባንዲራ

ልጄ የመታችው ኳስ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ሲያልፍ አንደኛውን ጠቅ አደረገው። ስካርቦሮ ሜዳ ላይ ያለው ወላጅ ሁሉ «ጎል!» ብሎ ሲጮህ፣ ያቺን ድምፅ የሰማሁት ከቋሚው ሥር የቆምኩት እኔ፣ የጎል ዳኛዋ፣ ብቻ ነኝ። ወዲያው ወደ ዐሥር ዓመት ልጅነቴ መለሰችኝ።

በአውስትራሊያ ፉትቦል ጎል ሲገባ ዳኛው ሁለት ባንዲራ ያውለበልባል፤ ስድስት ነጥብ ነው። ኳሱ ቋሚውን ከነካ ግን አንድ ባንዲራ፣ አንድ ነጥብ። በልጆች ጨዋታ የጎል ዳኛ የሚሆነው ከወላጆች አንዱ ነው፤ ያን ጊዜ የኛ ዳኛ ታክሲ ነጂው አባቴ ነበር። ሲዝኑን በሙሉ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም። በመጨረሻው ጨዋታ፣ በመጨረሻው ደቂቃ፣ ኳሷን እኔ መታኋት። ስድስት ካገኘን እናሸንፋለን። መሃል ገባች፤ ጓደኞቼ ተጠመጠሙብኝ።

አባዬ አንድ ባንዲራ አውለበለበ።

አሠልጣኛችን ፊቱ ቀልቶ እየሮጠ መጣ። «የገዛ ልጅህ እኮ ናት!»

«ነክቷል» አለ አባዬ። ወላጆቹ ከበው ቢጮሁበትም ንቅንቅ አላለም።

መኪና ውስጥ እያለቀስኩ «ዩ ሄት ሚ! ትጠላኛለህ!» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝና «የሰማ ሰው አይጮህም፣ ልጄ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ እስከ ቤት አኮረፍኩት።

አሁን ልጄ እጆቿን ዘርግታ ታየኛለች። «ማሚ፣ ፕሊስ!»

አንዱን ባንዲራ አነሣሁ። ሜዳው በጩኸት ተናጋ።

ይጩኹ። እኔ ሰምቻለሁ።