ሰላምታው የያዘው መስመር

እንደ ፈረንጆቹ በ2021፣ የኮቪድ ክትባት ገና ብርቅ በነበረበት ጸደይ፣ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ እናቶች ተሰብስበው በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ለሚኖሩ አዛውንቶቻችን እየደወሉ የክትባት ቀጠሮ ይይዙላቸው ነበር። ክትባቱን የሚሰጠው ፋርማሲ የመደበልን ቦታ እስከ ቀትር ካልተሞላ ለሌላ ይተላለፋል። ቀጠሮው የሚመዘገብበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈው ባልደረባዬ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ የተወለደ፣ ስልክ አንስቶ «ሃይ» ካለ ወዲያው ጉዳዩ ውስጥ የሚገባ ሰው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። መዝገቡ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ስከፍት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፕሮግራሙ ወደ ዳታቤዙ የሚገባባቸው መስመሮች፣ ያሉን ግንኙነቶች በሙሉ፣ ተይዘዋል፤ አንዳቸውም ግን ምንም አይሠሩም። «ሃክ አድርገውናል!» ብዬ ጮኽኩ።

«ኖ፣ ሉክ፣ እየው» አለኝ ባልደረባዬ ስክሪኑን እያሳየኝ። የአንድ አዛውንት ገጽ ሲከፈት ፕሮግራሙ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ተጀምሮ ያላለቀ ምዝገባ፣ ከፍቶ አንድ ግንኙነት ይይዛል፤ «መዝግብ» እስኪጫን አይለቅም። ወደ አዳራሹ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። «እግርዎ ተሻለዎት? ልጆቹስ? እህትዎስ ደወሉ?» ጉድ እኮ ነው! ዳታቤዙን ጥርቅም አድርጎ የዘጋው ሰላምታ ነው።

ባልደረባዬ ግንኙነቱ «መዝግብ» ሲጫን ብቻ ተይዞ ወዲያው እንዲለቀቅ ኮዱን ማስተካከል ጀመረ። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። «እናቶቼ፣ መጀመሪያ መዝግቡ፣ ወሬው ይደርሳል!» አልኩና ከሁሉም ረጅም ጊዜ የተያዘውን ግንኙነት ራሴ ቆረጥኩት።

ከእናቶቹ አንዷ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት እትዬ፣ ገጹ ጠፋባቸው። ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው ቀና አሉ።

«ለማነጋግራቸው አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው ብላችሁ ሁለት ቦታ ይዛችኋል። ባለቤታቸው ከትናንት ወዲያ አርፈዋል። ጤና ብጠይቃቸው ነው የነገሩኝ።»

እንዳልኩት ቢያደርጉ ኖሮ ለሟች ቀጠሮ ይይዙ ነበር።

«ታዲያ የእሳቸውን ብቻ እንመዝግባ» አልኩ።

«እምቢ ብለዋል። ‹ከእንግዲህ ለማን ብዬ ልኑር› ይላሉ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እየለመንኳቸው ነው።»

«ኢትስ ፊክስድ፣ ተስተካክሏል» አለ ባልደረባዬ ከኋላዬ። የሌሎቹ ስም ተራ በተራ መግባት ጀመረ። ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

እትዬ ስልኩን ዘረጉልኝ። «እስቲ አንተ ሞክራቸው።»

ተቀበልኩ። ከወዲያ በኩል ትንፋሻቸው ይሰማል። ምዝገባውን ሳላነሳ «እንዴት አደሩ? እግዜር ያጽናዎት» አልኩ።