ቅጠል ያለባት ፓይ

ሚስስ ዊኒ ሾክሮስ ማንቸስተር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ምሳ አብስለዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጆች ምግባቸውን በሹካ እያገላበጡ እንደ ተጠርጣሪ ሲመረምሩት አይተዋል። ቤታቸውም ያው ነው፤ ባለቤታቸው ሃሮልድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምን ቢቀርብለት «ምንም አይልም» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም።

ጡረታ ሲወጡ ወደኛ ስቱዲዮ መጡ። እኛ ስለ አንድ ምግብ ቤት ማድ ቤት የሚያስቅ የቴሌቪዥን ድራማ እንሠራ ነበር። ዋና ሼፍ ሆኖ የሚጫወተው ሰው እንቁላል መቀቀል አይችልም፤ ሳህን መወርወር ግን ይችልበታል። ምግቡን የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ካሜራ ፊት የማቀርበው ደግሞ እኔ ሌን፣ የዕቃ ኃላፊው። ሚስስ ሾክሮስ ሁሉንም ሰው «የኔ ሆድ» ነው የሚሉት። ዳይሬክተሩንም፣ በር ጠባቂውንም፣ አንድ ጊዜ ሊጎበኙን የመጡትን ጳጳስም።

መጀመሪያ ሰሞን የእውነት ምግብ ሠሩ። ስህተቱ እሱ ነው። ታዳሚው ተቀምጦ፣ ቀረጻው ተጀምሮ፣ ሼፉ ክዳኑን ከፍቶ «ይሄንን ነው ጥብስ የምትሉት?» ብሎ ሊጮህ ሲል ሳህኑ ላይ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር። የካሜራ ሰዎቹ በሻይ ሰዓት ጨርሰውታል። ታዳሚው ሳቀ፤ ዳይሬክተሩ ግን አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራ ፊት የሚቀርብ ምግብ ሁሉ ፈሳሽ ሳሙና ይቀባ ተባለ። በመብራቱ ያብለጨልጫል፣ የሚነካውም አይኖርም። እንዲህ ሆኖ ሚስስ ሾክሮስ አራት ዓመት ሙሉ ማንም የማይበላው ምግብ ሠሩ።

«ትምህርት ቤቱ ይሻል ነበር፣ ሌን» አሉኝ አንድ ቀን ዶሮ ሳሙና እየቀቡ። «እዚያ ቢያንስ ቀምሰው ነው የሚተፉት።»

ሳቅኩ። ሲቆይ ግን አንጀቴን በላኝ።

ከዚያ የመጨረሻው ክፍል ጽሑፍ መጣ። አንድ ጨካኝ የምግብ ሐያሲ በሊጥ ተሸፍና የተጋገረች ፓይ ይቀምስና እንባው ይመጣል። ሐያሲውን የሚጫወቱት አንጋፋው ተዋናይ ባዝል ትሪንግ ነበሩ። ዳይሬክተሩ ፓይዋ የእውነት ትሁን አለ።

ሚስስ ሾክሮስ ይህን ሲሰሙ ወንበር ፈለጉ። «ሦስት መቶ ሰው ፊት ሊበሉት?»

«ሦስት መቶ ሃያ።»

«እና ጣፋጭ ነው ይላሉ?»

«ጽሑፉ ላይ አለ።»

«ጽሑፉን ተወው። እኔ ፊታቸውን ነው የማየው። ሰው ሲጣፍጠው ፊቱ አይዋሽም።»

ሁለት የሥጋና የድንች ፓይ ጋገሩ። አንዷ ለመብራት ልምምድ፣ ሳሙና የተቀባች፤ ሌላዋ የእውነት። እንዳይምታቱብኝ ብለው የእውነቷ ላይ ከሊጥ የተሠራች ቅጠል አስቀመጡ። ከዚያ ፀጉራቸውን ሊሠሩ ሄዱ።

የሻይ ሰዓት ደረሰ። የካሜራው ሰው ክላይቭ በአፍንጫው እያሸተተ መጣ።

«ከጠርዟ ብቻ፣ ሌን። ማን ያያል?»

እውነቱን ልናገር፤ ቢላዋውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከጠርዟ ቆረስን። ከዚያ በአንድ ጎን የጎደለች ፓይ ካሜራ ፊት አትቀርብም ተባባልንና በሌላውም ጎን አስተካከልን። ለማስተካከል ብለን ስንቴ እንደቆረስን አላውቅም። የመጨረሻዋ ቁራሽ ላይ ትንሽ አለመግባባት ተፈጠረ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ቅጠሏ ብቻ ስትቀር ደነገጥኩ። አንስቼ ሳሙና የተቀባችዋ ፓይ ላይ አጣበቅኳት።

ሚስስ ሾክሮስ ተሽቀርቅረው ተመለሱ። «ሌላኛዋስ?»

«ጣልኳት።»

«ጎበዝ፣ የኔ ሆድ።»

ያቺ «ጎበዝ» እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ቀረጻው ተጀመረ። ሚስተር ትሪንግ ትልቅ ቁራሽ ጎርሰው አላመጡ፤ ከዚያ ቀጥ አሉ። እኛ እንግሊዞች እኮ ሾርባችን ውስጥ ዝንብ ቢዋኝ እንኳ አስተናጋጁ «እንዴት ነው?» ሲለን «ግሩም ነው፣ እናመሰግናለን» የምንል ሰዎች ነን። ሚስተር ትሪንግ ደግሞ በዚህ ላይ ተዋናይ ናቸው። ዋጡ። ደገሙ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «እናቴን አስታወሰኝ» አሉ፤ ይህ ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ታዳሚው ቆሞ አጨበጨበ። ሚስስ ሾክሮስ መጋረጃው ጀርባ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

ሚስተር ትሪንግ ሲወጡ ሚስስ ሾክሮስ ኮሪደሩ ላይ ጠበቋቸው። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ የኔ ሆድ። እንዴት ነበር?»

«እመቤቴ፣ በዕድሜዬ እንደዚህ ያለ—» ሲሉ ከአፋቸው አንዲት የሳሙና አረፋ ወጣች። ቀስ ብላ ተንሳፈፈችና የሚስስ ሾክሮስ መነጽር ላይ ፈነዳች። ሚስተር ትሪንግ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ውኃ ሮጡ።

ሚስስ ሾክሮስ መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉ። «ሌን፣ ፓይዬ የት አለች?»

ሁሉንም ተናገርኩ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ። «አሁንም ማንም አልበላልኝም ማለት ነው።»

«እኛ በልተናል እኮ!»

«እናንተማ ምን የማትበሉት አለ? ባለፈው የሰም ፖም በልታችኋል።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እሺ፣ እንዴት ነበረች?»

እንደዚያ የጣፈጠ ነገር በልቼ አላውቅም። ልቤ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። ከአፌ የወጣው ግን «ምንም አይልም» ነው።

የሃሮልድ ቃል። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ፤ ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት።

ይሄኔ ክላይቭ ከኋላዬ መጥቶ እጁን ዘረጋላቸው። በእጁ ጀርባ ላይ አራት ቀያይ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሌን በሹካ ወጋኝ። ለመጨረሻዋ ቁራሽ።»

«ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኛ!» አልኩ፣ አፌን ሳልይዘው።

ሚስስ ሾክሮስ መነጽራቸውን አደረጉ። የክላይቭን እጅ ይዘው ወደ መብራቱ አስጠጉና ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ደም ወጥቷል?»

«ትንሽ።»

«ለኔ ፓይ አራቱም የሹካ ጥርሶች ገብተዋል» አሉ ለራሳቸው። አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። የክላይቭን እጅ ግን አልለቀቁም።

«እስቲ ሌላኛውንም እጅህን አሳየኝ» አሉት።