ከመስጊዱ ጀርባ የነበረው የተቂያ ጓሮ

ያ ክረምት በሰንዓ እንደ ልቡ የዘነበበት ክረምት ነበር። ሰሜንና ደቡብ የመን ገና አንድ አልሆኑም ነበር። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ከኑቁም ተራራ ላይ ይወርድና የጭቃ ቤቶቹ ዝናቡ ሳይነካቸው ገና መሽተት ይጀምራሉ። ሆድ ይባባል። ሰው ሁሉ የሚሰባሰብበት ሰዓት ነውና ብቸኛ ሰው ብቻውን መሆኑ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው።

ተቂያ ብቻዋን ነበረች። ባሏ ሙስሊህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቀደም ብሎ ሞቷል። አንድ ልጇ ጋሊብ ወደ ባሕሩ ዳር ከተማ ወደ ሆዴይዳ ወርዶ ዓሣ ነጋዴ ሆኗል። እዚያ የማን ልጅ ነህ የሚለው የለም። እዚህ ግን የአትክልተኛ ልጅ ነው፤ አትክልተኛ ደግሞ በሰንዓ ዘሩ ዝቅ ያለ ይባላል፣ ሴት ልጅ አይድሩለትም።

ጓሮዋ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነበር። ሰዎች ለሶላት የታጠቡበት ውሃ በቦይ እየወረደ ባሮ ሽንኩርቷን፣ ቁሽሚ የሚሉትን የሚያቃጥል ነጭ ሥር፣ በሶብላዋንና ጤና አዳሟን ያጠጣል። የተረፈው ወደ መሬት ይሰርግና ተመልሶ የመስጊዱን ጉድጓድ ይሞላል። ዓርብ ዓርብ ውሃው ሲበዛ ተቂያ ቦዩ ዳር ቁጭ ብላ «ዛሬስ እንግዳ መጣልኝ» ትላለች። ሌላ እንግዳ አልነበራትም። የሰፈሩ ሴቶች ቅጠሉን ከአጥር በላይ ተቀብለዋት ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ እየተጠራሩ የሚቀመጡበት፣ ተፍሪጣ የሚሉት የሴቶች ጨዋታ አለ፤ ሳቁ በየመስኮቱ ይሰማታል። በኖረችበት ዘመን ሁሉ «ነይ» ያላት የለም።

ጋሊብ «እማዬ፣ ነይና አብረን እንኑር» እያለ ሲልክባት «ባሮው ይደርቅብኛል» ትለዋለች። የልቧ ግን ሌላ ነበር፤ አንድ ቀን ይጠሩኝ ይሆናል ትል ነበር።

ከጭቃ አጥሯ ግርጌ የመንገዱ ጎርፍ ወደ ጓሮው የሚገባበት ቀዳዳ ነበረ። ያን ዓመት መንገዱ በድንጋይ ሲነጠፍ፣ የፊት ለፊቱ ቤት እመቤት ሐጃ ቡሽራ «የጓሮው ሽታ በዚህ ነው የሚወጣብን» ብላ በድንጋይና በኖራ አስደፈነችው።

«ሐጃ፣ ታዲያ ውሃው ወዴት ይሂድ?» አለቻት ተቂያ።

«አንቺ ሽንኩርትሽን ጠብቂ! ውሃ እንደሆነ መንገድ አያጣም።» ሴቶቹ ሳቁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ንጣፉ ውሃ አይጠጣ፤ ጎርፉ መንገዱን ሞልቶ የሐጃ ቡሽራን በር ይገፋ ጀመር። የጭቃ ቤት ደግሞ ግርጌው ከራሰ አለቀለት። «ያ አላህ! ቤቴ! የሰው ያለህ!» ትላለች ሐጃ ቡሽራ ከላይ በመስኮት።

ተቂያ ጓሮዋ ውስጥ ሆና ሰማቻት። አጥሩን ብታፈርስ ያ ሁሉ ጎርፍ የሚያርፈው በቡቃያዋ ላይ ነው። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ዶማዋን አንስታ የተደፈነውን ከውስጥ ትንደው ጀመር።

አጥሩ ሲለቅ ውሃው እሷንም ገፍትሮ ጣላት። ባሮው ተነቀለ፣ ጤና አዳሙ ተጋደመ። ጓሮው ግን ጎርፉን ዋጠው፤ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲደርስ መንገዱ ላይ የቀረው ጭቃ ብቻ ነበር። የሐጃ ቡሽራም ቤት ሳይፈርስ ቆመ።

በሳምንቱ ሐጃ ቡሽራ ራሷ መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ የተናደው አጥር ዘንድ ቆማ «ተቂያ፣ ነገ ተፍሪጣው እኔ ቤት ነው። ነይ እንጂ!» አለቻት።

ተቂያ ገላዋን ታጥባ፣ ለዒድ ያስቀመጠችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ከተረፈው ጤና አዳም አንድ ዘለላ ጆሮዋ ሥር ሰክታ ሄደች። ደረጃውን ወጣች። ሴቶቹ «አላህ እጅሽን ይባርከው!» እያሉ ተቀበሏት። ከዚያ ሐጃ ቡሽራ ቦታ አሳየቻት። በሩ ሥር፣ ጫማ የሚወለቅበት ጋ ነው። ፍራሽ አልነበረውም።

ተቀመጠች። ከቡና ገለባ የሚፈላው ቅሽር ዞረ፤ ለሌሎቹ በሲኒ፣ ለሷ በቆርቆሮ ኩባያ። አንዲት ሙሽራ ጠጋ ስትላት ደስ አላት።

«አክስቴ፣ ባሮ ሽንኩርት ይዘሽልን መጣሽ?»

«ጎርፉ በላው፣ ልጄ።»

«ውይ! ባዶ እጅሽን ነዋ የመጣሽው?» ሙሽራዋ ሳቀች፤ ሁሉም ሳቁ። በክፋት አይደለም። እንደዚያ ለምደው ነው ያደጉት።

ተቂያም አብራ ሳቀች። ቅሽሯን እስከ አተላው ጠጣችና «አላህ ቤታችሁን ያቁመው» ብላ ተነሣች። ተቀመጪ ያላት አልነበረም። በማግስቱ ወደ ሆዴይዳ በሚወርድ ሹፌር «መጥተህ ውሰደኝ» ብላ ለጋሊብ ላከችበት። አጥሩን ግን አልጠገነችውም፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ውሃው ይግባበት ብላ ክፍቱን ተወችው።

ረመዳን ሳይገባ ጋሊብ በጭነት መኪና መጥቶ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ሰው ያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆዴይዳ የወረደ ሰው ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ልጇ ቤት ስትኖር አገኛት።