የጳጉሜን መስመር

የሺመቤት ሌንጮን በደንብ አታውቀውም። ለጠየቃትም ይህንኑ ነው የምትለው። ሰባት ዓመት አንድ ቢሮ ውስጥ ሠርተዋል፤ ስለ እሱ ተናገሪ ቢሏት ግን ከሁለት ሦስት ነገር በላይ የላትም። ምሳውን ከቤት ይዞ መጥቶ ብቻውን ይበላል። አባቱ ድሮ መሪ በሚባለው ሰፈር ገበሬ እንደነበሩ፣ አሁን እዚያው እርሻቸው ላይ በቆመው ኮንዶሚኒየም ጥበቃ እንደሆኑ ሰምታለች፤ እሱ ግን አልነገራትም። ከእናቱ ጋር በስልክ ኦሮምኛ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ይቀልዳል፣ ከልቡ ይስቃል። ስልኩን ሲዘጋ ተመልሶ ያው ዝምተኛው ሰው ይሆናል። የሺመቤት ኦሮምኛ ስለማትችል ከሚስቀው ሌንጮ ጋር ተዋውቃ አታውቅም።

ድርጅቱ የግል የአምቡላንስ ድርጅት ነው። እሷ ስልክ ተቀባይ ናት፤ እሱ ፕሮግራመር። ሰው ደውሎ ያለበትን ቦታ ሲነግራት በኮምፒውተሩ ታስገባለች፤ የሌንጮ ፕሮግራም የትኛው መኪና እንደሚሄድ፣ በየት በኩል እንደሚሄድና በሽተኛውን ወዴት እንደሚወስድ ይመርጣል። መንገዱ ሹፌሩ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይታያል።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ አጭር ነበር። ቅርብ ያለውን መኪና በአጭሩ መንገድ ላክ፤ በቃ። ከተማው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታዘዝ አይደለም። አንድ መኪና በዘገየ ቁጥር ሌንጮ ከክፍሉ ወጥቶ ወንበሯ ጎን ይቆምና በዚያ ቀጭን ድምፁ ይጠይቃታል።

«እትዬ የሺ፣ ትናንት እዚህ ጋ ለምን ቆየ?»

«ክረምት ላይ እዚያ ጋ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩ ላይ ይፈሳል፤ መኪና አያሳልፍም።»

አንገቱን ነቅንቆ ይመለሳል። በነጋታው ፕሮግራሙ ያን ድልድይ ያውቀዋል። ክረምት ከሆነና መንገዱ በድልድዩ በኩል ከሆነ፣ በሌላ በኩል ላክ። እንዲህ እንዲህ እያለ «ይህ ከሆነ» የሚሉ መስመሮች ተከማቹ። ከሹፌሮቹ ሁሉ ነባሩ ገላው ሌንጮን ባየው ቁጥር ይለክፈው ነበር። «የኔን ጭንቅላት በየተራ እየቀዳ ሳጥን ውስጥ ሊከት ነው። ሲጨርስ ደሞ ‹ገላው፣ በል ደህና ሁን› ይሉኛል። ወንድሜ፣ ነዳጅ መቅዳቱንስ መቼ ነው የምታስተምረው?» ሌንጮ መሬት መሬት እያየ ያልፋል።

የጳጉሜን መስመር የተጻፈውም እንዲሁ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ እንጦጦ ጥግ ጠበል አለ። በጳጉሜን ቀናት ሰዉ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ በሽተኛው በቃሬዛ፣ አሮጊቷ በልጅ ትከሻ፣ ሌላው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ። ያኔ ያ ጠባብ ዳገት የመኪና መንገድ መሆኑ ይቀራል። ይህን ለሌንጮ የነገረችው ራሷ የሺመቤት ናት፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ፣ በአፏ። ገላውም ከበሩ ሆኖ «በጳጉሜን በዚያ ከምትልኩኝ በእግሬ ልሂድ» ብሎ ነበር። በጫካው ጀርባ የሚዞር ኮረኮንች አለ፤ ይርቃል፣ ያንገጫግጫል፣ ግን ባዶ ነው። ሌንጮ ጻፈው፤ ወሩ ጳጉሜን ከሆነና ቦታው ከፈረንሳይ በላይ ከሆነ በጀርባ በኩል ላክ። ሁለት ጳጉሜን ያለ አንዳች ችግር አለፈ። ያመሰገነውም፣ ያስታወሰውም የለም። የሺመቤትም ረሳችው። ስክሪኑ ካወቀ እሷ ምን ቤት ናት?

ዘረሰናይ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኛ ሲታመም ቤት ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ድርጅቱ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር ሊሻረክ ድርድር ላይ ስለነበር፣ ያ ኩባንያ ፕሮግራሙን የሚመረምር መለኪያ ሶፍትዌር ላከ። መለኪያው ከተጫነ በኋላ የሌንጮ ስክሪን ቀይ በቀይ ሆነ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ቀይ? ኩፍኝ ወጣበት እንዴ?» አለችው የሺመቤት ሻይ ልትቀዳ ስታልፍ።

«መለኪያ ነው። በአንድ ሜተድ ውስጥ የፕሮግራሙ መንገድ ስንት ቦታ እንደሚከፈል ይቆጥራል።»

«ሜተድ ደሞ ምንድነው?»

ትንሽ አሰበ። «አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ በሉት። መንገድ የሚመርጠው የኛው አንድ ሜተድ ነው። ‹ክረምት ከሆነ› ሲል መንገዱ አንዴ ተከፈለ፤ ‹ወንዙ ከሞላ› ሲል ደግሞ ሌላ። ከአስር ካለፈ ያቀላዋል።»

«የኛው ስንት መጣ?»

«ሠላሳ አራት።»

«እኛ ምን እናድርግ፣ ከተማዋ ናት ሠላሳ አራት የሆነችው።»

ያን ቀን ፈገግ ሲል አየችው። ቀጥሎ ግን «መለኪያው አልዋሸም እትዬ» አላት። «እኔ ራሴ ስነካው እፈራለሁ። አንዱን ሳቃና ሌላው ይጣመማል። እኔ ብሄድ የሚረዳው ሰው የለም።»

ወራት ፈጀበት። መጀመሪያ ትልቁን ሜተድ በታተነው፤ ስለ ወቅት የሚያስበውን ለብቻው፣ መኪና የሚመርጠውን ለብቻው፣ ሆስፒታል የሚመርጠውን ለብቻው። እያንዳንዷ ቁራጭ ትንሽ ሆነች፤ ቀዩ ለቀቀ። ሌንጮ በዚያ ሳምንት ምሳውን ከሰው ጋር በላ። ዘረሰናይ ግን ቁጥር ያውቃል። መለኪያው ለየቁራጩ ብቻ ሳይሆን ለጠቅላላውም ድምር ይሰጣል።

«አንድ ትልቅ ክምር ነበረህ፤ አሁን ብዙ ትንንሽ ክምር ሠራህ። ድምሩ እኮ ያው ነው ሌንጮ። የኩባንያው ሰዎችም የሚያዩት ድምሩን ነው።»

ሌንጮ ተመለሰ። የሆስፒታሎቹን «ይህ ከሆነ፣ ያ ከሆነ» በሙሉ አውጥቶ በአንድ ሰንጠረዥ ከተታቸው፤ ፕሮግራሙ መጠየቁን ትቶ ከሰንጠረዡ ያነባል። ድምሩ ወረደ። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ራሱም ወዶታል፤ ለሌላው ነገር ግን ጊዜ አልበቃውም። ነሐሴ ሲጋመስ የኩባንያው መርማሪዎች ሊመጡ ደረሱ፣ ቁጥሩ ግን ለመውረድ አሁንም ትንሽ ይቀረዋል።

መለኪያው አንድ ሌላ ነገርም ያደርግ ነበር። ከተጫነበት ከጥቅምት ጀምሮ የትኛው መስመር እንደሠራ፣ የትኛው እንዳልሠራ ይመዘግባል፤ አንድም ጊዜ ያልሠራውን አመድማ ቀለም ይቀባዋል። ዘረሰናይ የሌንጮ በር ላይ ቆሞ ሲናገር የሺመቤት ከወንበሯ ሰማችው።

«ከጥቅምት ወዲህ ማንም ያልረገጠውን መንገድ ለምን ታኖራለህ? የሞተ ነገር ነው። አጥፋውና ገላግለን።»

ሌንጮ ምን እንዳለ አልሰማችም።

በነጋታው ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ዘረሰናይ ኬክ ገዛ። የሺመቤት ሁለተኛ ቁራጭ ደገመች። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ በተያዘ ምዝገባ ውስጥ ጳጉሜን እንደሌለች ለማንም ትዝ አላለውም፤ ወይም ትዝ ያለው ሰው አልተናገረም።

በሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜን ሦስት ጠዋት፣ ዝናቡ ያካፋ ነበር። ናዝራዊት የምትባል ልጅ ደወለች። እናቷ አምለሰት ፈረንሳይ ጉሊት ላይ አትክልት ሻጭ ናት፤ ቤታቸው ከዚያ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ደረቷን ይዛ ወድቃለች፤ ላብ አጥምቋታል። የሺመቤት ቦታውን አስገባች። ፕሮግራሙ ለመምረጥ ዓይን እርግብ እስኪል አልፈጀበትም፤ ቅርቡ መኪና የገላው፣ መንገዱ ቀጥታው ዳገት። ላከችው። መንገዱን ደግማ ልታየው ስትል ሌላ ስልክ ጮኸ።

ገላው በሬዲዮ መጣ። «የሺ፣ መንገዱ ሕዝብ ነው። መኪናው ንቅንቅ አልል ብሏል።»

«ሳይረን ንፋ እንጂ።»

«እየነፋሁ ነው። ሰዉ የት ይግባ? ግራና ቀኙ ቦይ ነው፤ በቃሬዛ የያዙት አሉ።»

«ወደኋላ ተመለስና በጀርባ ዙር።» ይህን ስትል ነው የጳጉሜን ነገር ትዝ ያላት።

«ከኋላም ዘግተውኛል። ምን ነክቷችሁ ነው በዚህ የላካችሁኝ?»

በሌላኛው መስመር ናዝራዊት አልዘጋችም። መጀመሪያ «የት ደረሱ?» ትል ነበር። ቀጥሎ «እማዬ፣ እማዬ፣ እየሰማሽኝ ነው?» አለች፤ ይህን ለየሺመቤት አልነበረም የምትለው። ከዚያ ስልኩ ተከፍቶ ቀረ። ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲወጣ፣ ዕቃ ሲነሳ ይሰማል። ገላውና አብሮት ያለው ነርስ መኪናውን እዚያው ጥለው፣ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ተሸክመው በሕዝቡ መሃል እየተጋፉ በእግር ወጡ። ሲደርሱ ጎረቤቶች የአምለሰትን ፊት በነጠላ ሸፍነውታል።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ የአምለሰት ወንድም ከሰሰ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ ያዩት ሰዎች አሉ፤ ጠበል የሚሄድ ዘመዱን ሲያወርድ ነበር የሚል ወሬም ተነዛ። የገላው መንጃ ፈቃድ ተያዘ፤ ከሥራ ታገደ። ድርጅቱም ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ዘረሰናይ፣ ምስክሯ የሺመቤት፣ መዝገቡን የሚያቀርበው ሌንጮ።

ከስብሰባው በፊት ገላውን ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘችው። መለካከፉ ሁሉ ከላዩ ረግፏል። ሌንጮ በአጠገባቸው ሲያልፍ ገላው ፊቱን አዞረ።

«አምና በራሴ መንገድ ሄጄ በደብዳቤ አስጠነቀቁኝ፤ ‹ስክሪኑን ተከተል› ብለው። ተከተልኩ። አሁን ደሞ ‹አገሩን እያወቅክ ምን አስከተለህ› ይሉኛል። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ማን ይቀጥረኛል የሺ? በሰው ሞት የተባረረ ሹፌር ማን ይቀጥራል?»



ኮሚቴው ፊት ዘረሰናይ ሌንጮን ጠየቀው። «ሲስተሙ በባለሙያ ተመርምሮ ያለፈ ነው። በዚያን ቀን ስሕተት ሠርቷል?»

«ስሕተት አልሠራም። የተጻፈለትን ነው ያደረገው።»

ገላው አንገቱን ደፋ። የሺመቤት ሌንጮን ቀና ብላ አየችው፤ በዚያች ደቂቃ ጠላችው።

ሌንጮ ግን አልተቀመጠም። «በጳጉሜን በጀርባ በኩል የሚልክ መስመር ነበረው» አለ። «ነሐሴ ላይ አጠፋሁት።»



«እኔ አጥፋ ያልኩህ የሞተውን ነው» አለ ዘረሰናይ፤ ድምፁ ወርዶ።

«አዎ፣ አጥፋ ብለውኛል። ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ገላው የተሰጠውን መንገድ ነው የሄደው።»

ገላው መንጃ ፈቃዱን አገኘ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ሌንጮ ውሳኔ እስኪሰጥ ቤትህ ተቀመጥ ተባለ፤ ውሳኔው ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ገላው አላመሰገነውም። የሺመቤት ለምን ስትለው «ምን ልበለው? እግዜር ይስጥልኝ ልበለው?» ብሎ ጎማውን ማየት ጀመረ።

ሌንጮ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ የሺመቤት ተከትላው ወጣች። እስከ ታክሲው ሰልፍ አብረው ሄዱ። እሷ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ረስቶት ከሆነ እሷም ረስታዋለች፤ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የልጅቷን ድምፅ አብረው ይሸከሙታል። እያስታወሰው አጥፍቶት ከሆነ ግን፣ ኬኩን አብሯት ሲበላ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የትኛው እንደሚብስ መወሰን አቅቷታል። ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

ሰልፉ ወደፊት ተንቀሳቀሰ።

«ሌንጮ» አለችው፤ «ያቺን መስመር ስታጠፋት፣ የምን እንደሆነች ታውቅ ነበር?»

ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ታክሲው ሞልቶ ሄደ፤ ቀጣዩ ገና አልመጣም። ወደ ፊቷ አላየም።

«እትዬ የሺ» አላት፤ «እሱን አይጠይቁኝ።»