የእማማ ሜትር ደብተር

የቤታችን ልብስ ሰፊ ባለፈው ወር ሞቱ። የግል ማኅደራቸው ውስጥ ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፦ የተቀጠሩበት ቀን፣ የሥራ መደብ፣ ፊርማ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ወረቀት። መዝገብ ያዥዋ እኔ ነኝና ማኅደሩን የምዘጋውም እኔ ነኝ። ከመዝጋቴ በፊት የጎደለውን ልጻፍ።

ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሳያስቡት አርግዘው መጠጊያ ያጡ ሴቶች እስኪወልዱ፣ ከወለዱም በኋላ ሁለት ወር ይቀመጡበታል። አሥራ አራት አልጋ አለን።

ልብስ ሰፊዋን እማማ ሜትር የምንላቸው ሜትሩ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነበር። ጸሎት ቤትም ይዘውት ይገባሉ። የቤቱ ኃላፊ አንድ ቀን «እማማ፣ ለጸሎት እንኳ ያውልቁት እንጂ» ብትላቸው፣ «እግዜር ልኬን ያውቃል፣ አይደነግጥም» አሏት።

አንዲት ሴት ስትገባ ሰፊ ቀሚስ ይሰፉላታል፤ በግራና በቀኝ አራት አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ያጥፋሉ። ሰኞ ሰኞ ከጠዋት ጸሎት በኋላ ሴቶቹ ስፌት ክፍል በየተራ ይቆማሉ። እማማ ወገባቸውን ይለኩና አንድ መስመር ስፌት ተርትረው ቀሚሱን ያሰፉታል። ልኩን ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ስም አይጽፉም። ጨርቁ ከየቦታው የሚለገስ ስለሆነ የሁለት ሴቶች ቀሚስ አይመሳሰልም፤ ከቀሚሱ የተረፈችውን ቁራጭ በመርፌ ቁልፍ ገጹ ላይ ያያይዟታል፣ በቃ።

አንዷ ታሪኳን ልትዘረዝር ስትጀምር «እኔ የምፈልገው ወገብሽን ነው፣ ወሬሽን አይደለም፤ ቀጥ በይ!» ይሏታል። ሜትሩን ሲጠቀልሉ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ይጸልዩላታል። ብዙዎቹ የሚያለቅሱት ያኔ ነው።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ መጥቼ የመግቢያ ካርድ አዘጋጀሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስንት ወርሽ ነው?» የሚል ነበር። ስድስት ወር ያለፋት አትገባም፤ ዘግይታ የምትመጣ አልጋ እንጂ ምክርና ጸሎት ፈልጋ አይደለም ይላል አንድ አሮጌ ወረቀት። ደንቡን አላወጣሁትም። ካርዱ ላይ በቀይ ያሳተምኩት ግን እኔ ነኝ።

ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ፀጉር ሠሪ መጣች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ። አሠሪዋ ሆዷ መታየት ሲጀምር ከሥራውም፣ ከሱቁ ጀርባ ትተኛበት ከነበረው ክፍልም አስወጥታታለች። ስንት ወርሽ ነው አልኳት። ቀዩን መስመር እያየች «አምስት» አለች። አምስት ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ሰኞ ካርዶቹን ከእማማ ደብተር ጋር ላመሳክር ስፌት ክፍል ገባሁ። ያዘዘኝ የለም። የፀጉር ሠሪዋ ቁራጭ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለው። አጠገቡ ዘጠና ስምንት ይላል። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ስድስት ወር ያልሞላት ሴት እዚህ ቁጥር ላይ ደርሳ አታውቅም።

«እማማ፣ ይቺ እኮ ስምንት ወሯ ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ያውቁ ነበር?»

«ሜትሩ ያውቃል። እኔን የጠየቀኝ የለም፣ የኔ ምሁር።»

«ካርዱ መስተካከል አለበት። ክሊኒኩ የሚጠብቃት እኮ ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

«አስተካክዪው፤ እሱስ እውነትሽን ነው። ግን ከዚህ ስትወጣ የት እንደምትተኛም አብረሽ ጻፊ።»

«ካርዱ ለሱ ቦታ የለውም።»

ሳቁ። «እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

አስተካከልኩት። ኃላፊዋ ካርዱን አይታ እንድትወጣ ወሰነች። ወረፋ የሚጠብቁ ሌሎች ሦስት ሴቶች ነበሩ። ፀጉር ሠሪዋ ረቡዕ ጠዋት ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ «እውነቱን ብናገር ታስገቡኝ ነበር?» አለችኝ።

«አይ» አልኩ።

«እንግዲያው ምን ላድርግ» አለችና ሄደች። ካርዷ ላይ «በተሳሳተ መረጃ ምክንያት ተሰናበተች» ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ እማማ ሥራ አልገቡም። ቀርተው አያውቁም ነበር። በሳምንቱ መጡ። «አመምዎት እንዴ?» አልኳቸው። «ሥራ ነበረኝ» አሉና የመጀመሪያዋን ሴት «ቀጥ በይ!» አሏት። ፊት አልነሱኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደንቡ እንዲነሣ ለቦርዱ ጻፍኩ፤ አራት ገጽ፣ ከነሠንጠረዡ። ስብሰባው ላይ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሰብሳቢው ቄስ «እኛ እኮ አንቺ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሽው መስሎን ነበር» አሉ። ደንቡ ተነሣ።

እማማ የሞቱት ማክሰኞ ነው፣ የሰኞውን ለክተው ጨርሰው። አላለቀስኩም። ደብተሮቹን ሰብስቤ ቁጥር ሰጠኋቸው፤ አሥራ ሰባት ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ውስጥ ሰማያዊዋን ቁራጭ አገኘኋት። ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ስምንት። እዚህ ማለቅ ነበረበት። ግን እማማ ሥራ ባልገቡበት ሰኞ ቀን መቶ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ አርባ ዘጠኝ። የትልቅ ሰው ወገብ አርባ ዘጠኝ አይሆንም። አጠገቡ በእርሳስ «ስህተት?» ብዬ ጻፍኩ።

ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ አንዲት ሴት ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ይዛ ቢሮዬ ገባች።

«አወቅሽኝ?»

«ካርድ ቁጥርሽን አውቀዋለሁ።»

«እሱም አንድ ነገር ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «የእማማን መርዶ የሰማሁት ትናንት ነው። ያስወጣችሁኝ ዕለት ከበሩ ሃያ እርምጃ ሳልርቅ ተከትለውኝ ወጡ እኮ። ያለቻቸው አንድ ክፍል ናት። አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው መሬት ተኙ፤ እንቢ ብል ማን ሰምቶኝ! ሰኞ ሲነጋ ‹ቀጥ በይ!› አሉኝ እዚያው። ሐሙስ ክሊኒክ ወሰዱኝ፣ ወለድኩ።»

ደብተሩን ገልጬ አሳየኋት። «ይሄ አርባ ዘጠኝ ምንድን ነው?»

ቁራጯን በጣቷ ነካ አደረገቻት። ከዚያ ልጅቷን አየቻት። «እሷ ናታ። ገና ከመታጠቧ ዘርግተው ለኳት። ‹ይቺስ አትዋሽም› አሉ።»

«እኔ ይሄን ታክል ነበርኩ?» አለች ልጅቷ በእጆቿ እየለካች።

«ከዚያም ታንሺ ነበር» አለቻት እናቷ።

እናቷ ልክ ነበረች፤ ልጅቷ እጆቿን አብዝታ ከፍታቸዋለች። እኔ ግን አላረምኳትም።

ሲሄዱ «ስህተት?» ያልኩትን በላጲስ አጥፍቼ «ቁመት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የፀጉር ሠሪዋን ካርድ አወጣሁ። «ተሰናበተች» የሚለውን አልነካሁትም፤ የተመዘገበ አይፋቅም። ወጥታ የት እንዳደረች ለመጻፍ ካርዱ ዛሬም ቦታ የለውም። ጠርዙ ላይ ወደ ጎን አዙሬ፣ አጥብቤ፣ «ያደረችው እማማ ሜትር ቤት ነው» ብዬ ከነቀኑ ጻፍኩና ፈረምኩ።

የእማማ ማኅደር ተዘግቷል። ውስጡ አሁን ሁለት ወረቀት አለ፤ አንደኛው የካርዱ ቅጂ ነው።